የጋሪ ፈረስ ዐይን ያለው ዋሻ፦ ስለ «ራይዚንግ ሰን»

ስለ አንድ ሣጥን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ሣጥኑ «ራይዚንግ ሰን» ይባላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦርድ ጌም ነው። ግን ስለ ሣጥኑ ሁሉ አላወራም፤ ቢወራም አያልቅም። የማወራው ስለ ሕጉ አንዲት ክፍል ነው፤ ጂ11 ትባላለች። ስለ ዋሻ ናት። እኔና ጋሼን ከመኸር እስከ አሁን ያጨቃጨቀችን እሷ ናት። በሣጥኑ ውስጥ ካለው ሁሉ ለማንበብ የምታስጠላው እሷ፣ ሲጫወቷት ደግሞ ከሁሉ የምትበልጠውም እሷው።

ለማያውቀው ሰው ቶሎ ብዬ ልንገር። ጆን ሂል የሚባል ሰው በ1977 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) «ስኳድ ሊደር» የሚባል ጌም አወጣ። እሱ አድጎ፣ ወፍሮ፣ ሕጉ እንደ ፍትሐ ነገሥት ተከማችቶ በ1985 «አድቫንስድ ስኳድ ሊደር» ሆነ። ካርታው እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ጎን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ተጫዋቹ ሄክስ ይላቸዋል። አንዱ ሄክስ 40 ሜትር ነው። አንድ ዙር ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው ይባላል፣ እኛ ግን አንዱን ዙር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት የፈጀንበት ቀን አለ። ካርታው ላይ የሚንቀሳቀሱት ትንንሽ የካርቶን ቁራጮች ናቸው። አንዷ ቁራጭ ወደ አሥር ሰው ትወክላለች፤ በእኛ ወታደር ቋንቋ ጓድ የሚባለው ማለት ነው።

የዚሁ ጌም የፓስፊክ ጦርነት ክፍል በ1991 እና በ1992 በሁለት ሣጥን ወጥቶ ነበር። በኋላ ሁለቱ ተጠቃለው በ2013 «ራይዚንግ ሰን» ሆኑ። ጃፓን፣ የአሜሪካ ማሪን (ከባሕር የሚወርደው እግረኛ ጦር)፣ ቻይና፣ ጫካ፣ ቀርከሃ፣ ረግረግ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ጀልባ፣ ዋሻ፤ ሁሉም አለ።

አንድ ነገር ሳልረሳው። ይሄን ሣጥን ብቻ ገዝታችሁ ቤት ገብታችሁ አትጫወቱም። ዋናው የሕግ መጽሐፍ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ይሄን ሳላይ ያዘዝኩት እኔ ነኝና የምወቅሰው የለም። ሣጥኑ ራሱ ሲደርሰኝ አንዱ ጥግ ተጨፍልቆ ነበር። ያመጣው ሰውዬ በሬ ላይ ወርውሮት ሄደ መሰለኝ። ደግነቱ ውስጡ ደህና ነበር። ካርቶኑ ወፍራም፣ ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ ካርታዎቹም ሲዘረጉ ደስ የሚሉ ናቸው። በጥራት በኩል ቅሬታ የለኝም፤ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

አሁን ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ከኔ ፎቅ በላይ ነው የሚኖረው። ጡረታ ወጥቷል። ወጣት እያለ አገር ቤት የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ቴዎዶላይት ተሸክሞ በበቅሎ ገደል ለገደል የዞረ ሰው ነው። ጌሙን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን የሚያሸንፈኝ እሱ ነው። በየቅዳሜው ምሳ ጠረጴዛው ላይ ካርታውን እንዘረጋለን፣ ባለቤቱ እትዬ ደግሞ ሦስት ጊዜ «ይሄን ኮተት መቼ ነው የምታነሱልኝ?» ትላለች። ቡና ስታቀርብ ሲኒውን ካርታው ዳር ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን መደፋቱ አይቀርም፤ ልቤ እንደተሰቀለ ነው የምጫወተው።

ዋሻው እንዲገባችሁ መጀመሪያ፦ የእይታ መስመር የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ማን ማንን ያያል ማለት ነው። ያላየኸውን አትተኩስበትም። ጌሙ ይሄን የሚለካው በክር ነው። እያንዳንዱ ሄክስ መሃል ላይ ነጥብ አለ። ክሩን ከአንተ ነጥብ እስከ ጠላትህ ነጥብ ትወጥራለህ። በመሃል ክሩ ከአንተም ከጠላትህም ከፍ ያለ ነገር፣ ማለትም የቤት ወይም የዛፍ ሥዕል ከነካ አታይም። ካልነካ ታያለህ። ረጅም ሣር ከሆነ ታያለህ ግን ትቸገራለህ፤ በአንድ ሄክስ ሣር ዳይስህ ላይ አንድ ይጨመርብሃል፤ በዚህ ጌም ደግሞ ዳይስ ዝቅ ሲል ነው ጥሩ የሚሆነው።

መጀመሪያ ሰሞን እትዬ ነጠላ ጫፍ ላይ ከተንጠለጠለው ዘርፍ አንድ ክር መዘን ነበር የምንለካው። አትሞክሩት! የእጅ ፈትል ወፍራም ነው፣ ፀጉርም አለው። ዛፉን የነካው ክሩ ይሁን ፀጉሩ ብለን ተጣልተናል። ጋሼ አጉሊ መነጽር አመጣ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። «አንድ ሚሊ እዚህ ጋ ስታበላሽ እዚያ ማዶ አንድ ክንድ ትሄዳለች፣ ወንድሜ» አለኝ። አሁን የምንጠቀመው የልብስ ስፌት ክር ነው። ጥቁር።

ከዚህ ሕግ ውስጥ የምወዳት አንዲት ጭካኔ አለች። ሳትተኩስ ክር መወጠር አይፈቀድም። መጀመሪያ «እዚያ ላይ ተኩሻለሁ» ትላለህ፣ ከዚያ ክሩ ይወጠራል። ካልታየ ጥይትህ ባከነ፣ ተኩሰሃል ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በዐይንህ መገመት አለብህ፤ እንደ እውነተኛ ወታደር። ጋሼ እዚህ ላይ ያሸንፈኛል፤ ዐይኑ ሠላሳ ዓመት የሠለጠነ ነው። እኔ «ያያል» ብዬ ተኩሼ ክሩ አንድ ቅጠል ስትነካ የሚያሳየኝን ፊት ባያችሁት።

ሜዳ ላይ ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። ነገሩ የሚከብደው ኮረብታ ሲመጣ ነው። ኮረብታ ላይ ቆመህ ከታች ጫካ ካለ ከጫካው ጀርባ የማይታይህ ቦታ አለ። ጫካው አንድ ደረጃ ከፍታ ካለው፣ አንተም ከጫካው በአንድ ደረጃ ብቻ የምትበልጥ ከሆነ ከኋላው አንድ ሄክስ ይጋረድብሃል። ጫካው ከአንተ አምስት ሄክስ ከራቀ ሁለት ይሆናል። በራቀ ቁጥር ጥላው ይረዝማል። አንተ ይበልጥ ከፍ ስትል ደግሞ ያጥራል። ማታ የመንገድ መብራት ሥር ስትሄድ ጥላህ እንደሚረዝምና እንደሚያጥር አድርጋችሁ አስቡት፣ ያው ነው። ይሄን ለጋሼ ላስረዳው ስሞክር ግማሽ ሳልደርስ «ገባኝ፣ ገባኝ፣ ይሄ የኛ ሥራ ነው» አለኝ።

ዋሻ ላይ ስንደርስ ግን እሱም ቆመ።

ዋሻ በዚህ ጌም ራሱን የቻለ የካርቶን ቁራጭ ነው። ጃፓኑ ኮረብታ ወገብ ላይ ያስቀምጠዋል። አፉ ወዴት እንደሚያይ የሚያመለክት አቅጣጫ አለው። ዋሻው ውስጥ ያለው ሰው የሚያየው አፉ ወደዞረበት በኩል ብቻ ነው፤ ከዚያ ማዕዘን ውጭ ያለውን አያይም። ከማዕዘኑ ውጭ ያለውም እሱን አያየውም። ከዚህ ላይ ያ ሁሉ የክር፣ የዛፍና የኮረብታ ሕግ እንዳለ ይደረብበታል። በቃ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። በአንድ አንቀጽ ጻፍኩት። መጽሐፉ ግን በአንድ አንቀጽ አይጽፈውም።

የባሕር ዳር ወይ የአዳማ ሰው ከሆናችሁ የጋሪ ፈረስ ታውቃላችሁ። ዐይኑ ግራና ቀኝ በቆዳ ይጋረዳል። የሚያየው ፊት ለፊቱን አስፋልት ብቻ ነው። ባጃጅ በጎኑ ጥሩንባውን እየነፋ ቢያልፍ ምኑም አይደለም። ዋሻው እንደዚያ ፈረስ ነው። ፊቱ የቆመውን ይገድላል፣ በጎኑ የሚያልፈውን አያውቅም። እኔ ይሄን ሕግ ከማንበቤ በፊት ዋሻ ማለት ምሽግ ማለት ይመስለኝ ነበር። ጠንካራ፣ የማይደፈር። ጠንካራስ ነው። ግን ግማሽ ዕውር ነው። ጌሙን ጌም የሚያደርገው ይሄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። እኔ ማሪን ነኝ፣ ጋሼ ጃፓን። ሁለት ኮረብታ አለ፣ በመሃላቸው ሸለቆ ነገር። ጃፓኑ ዋሻዎቹን ካርታ ላይ አያስቀምጥም፣ ወረቀት ላይ ጽፎ ይደብቃቸዋል። ጋሼ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። እኔ እያየሁ ሁለት ጊዜ ደረቱን ዳሰሰ፣ አለ ወይ ብሎ። ምርጥ ጓዴን በሸለቆው ላክሁ። ሰባት፣ ስድስት፣ ስምንት የሚል ቁጥር ያለው ነው፤ የእሳት ኃይሉ 7፣ ርቀቱ 6 ሄክስ፣ ወኔው 8። እሳት የሚተፋውን መሣሪያ አሸክሜዋለሁ። አንድ ሄክስ ሄደ። ዝም። ሁለተኛ። ዝም። ሦስተኛው ላይ ጋሼ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለና «እስቲ እዚያ ጋ ትንሽ ቁም» አለኝ።

ወረቀቱን አወጣ። ግራ እጄ ላይ ካለው ኮረብታ ወገብ ላይ ዋሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው፣ አፉን በጣቱ ወደኔ አዞረ። ውስጡ አንድ ጓድና መትረየስ። ሜዳ ላይ መራመዴ ከዳይሱ አንድ ቀነሰለት። ሳልጠነቀቅ መራመዴ ሌላ አንድ። እሳት ተፊ መሸከሜ ደግሞ ሌላ አንድ፤ ያን መሣሪያ የተሸከመ ሰው ላይ ሁሉም ይተኩሳል። ክሩን ወጠርን። ንጹሕ ነው፣ ምንም አልነካም። ዳይሱ አምስት መጣ፣ ሦስት ሲቀነስ ሁለት። ጓዴ ግማሹ አለቀ፣ የተረፈውም ወኔው ተሰበረ። እትዬ ከማድ ቤት «ምን ሆናችሁ?» አለች፤ ጮኼ ኖሯል።

ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። ሁለቱ የመጀመሪያ ሄክሶች ላይ ለምን አልተኮሰም? ትዕግሥት ነው ብዬ ነበር። አይደለም፤ አያየኝም ነበር። ማዕዘኑ ውስጥ የገባሁት ሦስተኛው ላይ ነው። ይሄ ማለት ደግሞ በግራ በኩል ዞሬ ከኮረብታው ጀርባ ብወጣ መቼም አያየኝም። ሁለተኛውን ጓድ በዚያ በኩል ላክሁ። ሲወጣ ጋሼ ዝም አለ። ሲጠጋ ጋሼ ዝም አለ። ከዋሻው ጀርባ ባለው ሄክስ ላይ፣ ዋሻው ውስጥ ካሉት ሰዎች 40 ሜትር ላይ፣ ቆሜ ምንም ሊያደርጉኝ አልቻሉም። እንዲህ ያለ ደስታ በካርቶን አግኝቼ አላውቅም።

ደስታዬ ግን አንድ ዙር ነው የቆየው። እኔስ ምን ላደርጋቸው ነው? እኔም አላያቸውም። ድንጋይ ላይ ነው የቆምኩት። ልመታቸው ከፈለግሁ ወደ አፉ በኩል መዞር አለብኝ። ልዞር ስል ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ሁለተኛ ዋሻ ተከፈተ። የዚህኛው ማዕዘን የሚያየው ምኑን መሰላችሁ? የመጀመሪያውን ዋሻ ደጃፍ! ጋሼ ሁለቱን ዋሻዎች ፊት ለፊት አፋጥጦ አንዱ የሌላውን በር እንዲጠብቅ አድርጎ ነው የቀበራቸው። «መጀመሪያ ዐይኑ የት እንደሆነ እወቅ፣ ከዚያ ዐይኑ የማያየውን ማን እንደሚያይለት እወቅ» አለኝ። ቀያሽ ከቀያሽ ጋር ተቀባብሎ እንደሚለካ ዓይነት ነገር።

እሳት ተፊው ራሱ እዚህ ላይ ነው የሚገባችሁ። ኃይሉ 24 ነው፤ ለአንድ ጓድ ከ7 ጋር አነጻጽሩት። ከዚህም በላይ ጠላት የተጠለለበት ነገር አይመልሰውም፣ ግንብም ቢሆን ዋሻም ቢሆን እኩል ነው። ግን እስከ አንድ ሄክስ ድረስ መጠጋት አለብህ። ሁለት ሄክስ ላይ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ዋሻውን የሚገድለው መሣሪያ የዋሻው ዐይን ፊት መቆም አለበት። የፈንጂ ጥቅሉም ኃይሉ 30 ነው፣ እሱም እጅ ለእጅ ካልተጠጋህ አይሠራም። ማን ይሄዳል? መቼ? ጭስ ይጣል ወይስ ማዶ ያለው ዋሻ መጀመሪያ ይታፈን? ሙሉ ከሰዓቱ ያለቀው በዚህ ጥያቄ ነው። ጃፓኖቹ ደግሞ እንደ ሌላው በቀላሉ ተሰብረው አይሸሹም፤ ሲመቱ ቁራጩ ተገልብጦ መስመር ያለው ጎኑ ይወጣል፣ ደከም ብለው እዚያው ይቀጥላሉ። ዋሻዎቹ በውስጥ ከተገናኙ ደግሞ የዘጋህበት ሰውዬ በሌላው በኩል ብቅ ይላል።

ይሄ ሁሉ የጌም ሠሪ ቅዠት እንዳይመስላችሁ። ፔሌሉ የምትባለውን ደሴት ታሪክ ያነበበ ሰው ይሄ ክፍል ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ይገባዋል። ማሪኖቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1944 ወረዱ። አዛዡ ጄኔራል ሩፐርተስ በአራት ቀን ያልቃል ብሎ ነበር። ያለቀው ኖቬምበር 27 ነው። ከመውረዳቸው በፊት ከአውሮፕላን ያነሱት ፎቶ የሚያሳየው አረንጓዴ ጫካ ብቻ ነበር፤ ጫካው በቦምብ ሲመለጥ ከሥሩ ኡሙርብሮጎል የሚባል የተሰነጣጠቀ የድንጋይ ሸንተረር ወጣ። በደሴቲቱ ላይ ከ500 በላይ ዋሻ ነበረ። አንዳንዱ የሚንሸራተት የብረት በር ነበረው፤ ይከፈታል፣ ይተኩሳል፣ ይዘጋል። የጃፓኑ አዛዥ ኮሎኔል ናካጋዋ ወታደሮቹን ዳርቻ ላይ እየደረደረ ከማስጨረስ ይልቅ እዚያ ውስጥ አስገባቸውና አንዱ ዋሻ የሌላውን ደጃፍ እንዲጠብቅ አደረገ። ጋሼ ይሄን አላነበበም፤ ሳያነብ ነው ያደረገው። ማሪኖቹ በበኩላቸው ረጅም ርቀት የሚሄድ እሳት ተፊ በየብስና በውሃ በሚሄድ ተሽከርካሪ ላይ ጭነው መጡ። ለምን እንደሆነ አንድ ቅዳሜ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፦ በእግር ተሸክሞ ዐይኑ ፊት መቆም አይቻልማ። የመጨረሻዎቹ 34 ጃፓኖች እጃቸውን የሰጡት በአፕሪል 1947 ነው፣ ጦርነቱ ካለቀ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ አልፎ።

ኢዎ ጂማ በምትባለው ደሴት ላይም ያው ነው። የጃፓኑ ጄኔራል ኩሪባያሺ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የምድር ውስጥ መተላለፊያ አስቆፍሮ፣ ያንን «ባንዛይ» እያሉ በጅምላ መሮጥ ከልክሎ ጠበቃቸው። ስለዚህ ዋሻ የሌለበት የፓስፊክ ጌም ለኔ ጨው የሌለው ወጥ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አጻጻፉ! እግዚኦ። ስለ ዋሻ እይታ አንድ ነገር ለማወቅ ጂ11ን ትከፍታለህ። እሱ ወደ ኤ6 ይልክሃል፣ የእይታ ጠቅላላ ሕግ። ኤ6 ላይ ኮረብታ ሲነሳ ወደ ቢ10 ትሄዳለህ። የምሽግ ማዕዘን ለማስታወስ ቢ30ን ትገልጣለህ። ቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ከመስኮት 3 ወደ መስኮት 7፣ ከ7 ወደ ፎቶ ኮፒ፣ ከፎቶ ኮፒ ተመልሶ 3፣ እዚያ ደግሞ ሰውዬው ምሳ ወጥቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቅንፍ፣ ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቁጥር። እንግሊዝኛው ለአፍ መፍቻ ተናጋሪውም የሚከብድ ይመስለኛል። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ገጽ አንብቦ መጽሐፉን ዘጋና «ይሄን የጻፈው ሰው ዋሻ ገብቶ አያውቅም» አለ። በኋላ ሲገባው ግን አስተካከለ፦ «የለም፣ ገብቶ ያውቃል። አወጣጡ ነው የጠፋው።»

ሥዕል ደግሞ ያንሳል። ስለ እይታ የሚያወራ ሕግ ሥዕል ካነሰው ምን ይባላል? ከጎን የተሳለ ኮረብታ፣ ወገቡ ላይ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው የሚወጣ መስመር። ያቺን አንድ ሥዕል ቢጨምሩባት ስንት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። እኛ በመጨረሻ ራሳችን ሳልናት። ጋሼ በእርሳስ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ፣ እንደ ድሮ ሥራው፣ የኮረብታውን ቁልቁለት ከጎን አወጣው። ከዚያ በኋላ ዋሻ በተነሳ ቁጥር ያቺን ወረቀት ነው የምናያት፣ መጽሐፉን ሳይሆን።

ከልምድ አንድ ምክር። ጃፓን ሆናችሁ ዋሻ ስትቀብሩ ኮረብታው ላይ ሆናችሁ አትምረጡ። ማሪኑ በሚመጣበት በኩል ጠረጴዛውን ዙሩና ጎንበስ ብላችሁ ካርታውን በእሱ ዐይን እዩት። ጋሼ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋል። እኔ ለረጅም ጊዜ ወገቡን እያፍታታ ነበር የሚመስለኝ። አፉን ደግሞ ሰፊ ሜዳ ላይ አታዙሩት። ሰፊ ሜዳ የሚያይ ዋሻ ከሩቅ የሚያየው ጠላት ይበዛበታል። ጠባብ ሸለቆ ላይ አዙሩት፣ ማለፊያው አንድ ብቻ የሆነበት።

አንድ ነገር ልናገርና ወደ ግምገማዬ እመለሳለሁ። እሳት ተፊውን አንስቼ ዋሻው አፍ ላይ ሳደርስ፣ ያንን ሁሉ ሰዓት ለፍቼበት ማለት ነው፣ ጋሼ ዳይሱን ከመወርወሬ በፊት ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ዘረትን ታውቃለህ?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ ይሄኛው የእኛው አቆጣጠር ነው፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዘረት አካባቢ አመጸኛ ዋሻ የሚባል ቦታ ላይ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን ጣሊያን በመርዝ ጋዝ የፈጀበት ነው። ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። ጋሼ በሥራው በዚያ አካባቢ አልፎ ያውቃል። ሌላ ምንም አላለም። «ወርውር» አለኝ። ወረወርኩ። ስንት እንደመጣ አሁን አላስታውስም። ጌም ነው፣ አውቃለሁ። ግን የኔ አገር ሰው ከዋሻ ውስጥ ሆኖ ያየውን እኔ ከውጭ ቆሜ በዳይስ ስቆጥረው፣ ትንሽ ይከብዳል። ሣጥኑ ላይ ይሄን የሚል ማስጠንቀቂያ የለም፣ እንዲኖርም አልጠብቅም።

ይሄ ሁሉ ከበዛባችሁ ቀለል ያለ አለ። «ሜሞዋር 44» በ2004 የወጣ የሪቻርድ ቦርግ ጌም ነው፤ ፕላስቲክ ወታደር፣ ካርድ፣ አንድ ሰዓት፣ አለቀ። እሱም ሄክስ ነው፣ እሱም ከመሃል እስከ መሃል ነው የሚያየው። በፓስፊኩ ማስፋፊያ ውስጥ ዋሻ አለው፤ ጃፓኑ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከእህቴ ልጅ ጋር የምጫወተው እሱን ነው። ደስ ይላል። ግን እዚያ ዋሻው የጋሪ ፈረስ አይደለም፣ በር ነው። ያቺ የመታወር ነገር የለችበትም፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እሷን ነው።

ሩቅ ለሩቅ ለሆናችሁ ቫስል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ በኮምፒውተር የሚያጫውት። ክሩን በማውስ ነው የምትወጥረው፣ ፀጉር የለውም። የምትጫወቱበትን የሕግ መጽሐፍ ግን ራሳችሁ መያዝ አለባችሁ። አዲስ አበባ ካለ አንድ ጓደኛዬ ጋር ሁለት ጊዜ ሞክረናል፣ ኔትወርኩ እሺ ባለ ጊዜ። ጋሼን ግን አላሳመንኩትም፤ «እጄ ላይ ካልያዝኩት ክር አይደለም» ይላል።

እንግዲህ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ይሄን ዓይነት ጌም ጨርሶ ተጫውታችሁ የማታውቁ ከሆነ አትግዙት። ለጀማሪ በተዘጋጀው ቀለል ያለ ሣጥን፣ በስታርተር ኪቱ ጀምሩ። ዋናውን መጽሐፍ ይዛችሁ የአውሮፓውን ጦርነት ለአንድ ዓመት ያህል የተጫወታችሁ ከሆነ ግን ግዙ፣ አትጸጸቱም። ግን ዋሻውን መጀመሪያ አትክፈቱ። ከጫካው ጀምሩ፣ ጃፓኑን ልመዱት፣ ባሕር ዳርቻውን ተውት፣ ከዚያ አንድ ዋሻ ብቻ ባለበት ትንሽ ውጊያ ሞክሩ። እኛ በስድስት ዋሻ ጀምረን ነው ያበድነው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛዋን የያዝኩት ለዚያች ላልተሳለችው ሥዕል ነው።

የኮርያውን ሣጥንም ዐይቼዋለሁ፣ የኛ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋበትን ጦርነት ማለት ነው። ለጋሼ ስነግረው ዐይኑ በራ። ግን ያለፈው ቅዳሜ ውጊያ አላለቀም። ካርታው አሁንም እትዬ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ምሳ የሚበሉት ሶፋ ላይ ነው። ትናንት ደረጃው ላይ አገኘችኝና «ያንን ዋሻ እስከ እሑድ ካልደፈንከው እኔ እደፍነዋለሁ» አለችኝ።